የመሬት ንዝረት ፍተሻና የአካባቢ አስተዳደር ሥልጣን

ነዳጅ ዘይት ፍለጋ ሲባል ለብዙዎቻችን ወዲያው የሚታየን የመቈፈሪያው ማማ ነው። ነገር ግን ማማው ከመቆሙ ብዙ ጊዜ ቀደም ብሎ ወደ አገሩ የሚገባ ሌላ ሥራ አለ፤ ይኸውም ሴይስሚክ የሚባለው የመሬት ንዝረት ፍተሻ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ብዙውን ጊዜ ከኩባንያው ጋር መጀመሪያ የሚገናኘው በዚህ ሥራ ምክንያት ነው። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ደንብ የማውጣት ሥልጣን ያለው ማን ነው? ይህን ጥያቄ በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ምሳሌነት ጥቂት እንመርምረው። የውጭ አገር ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. ፍተሻው እንዴት ይሠራል?

ሠራተኞች በተለካ መስመር ላይ ጂኦፎን የተባሉ ትናንሽ መሣሪያዎችን መሬት ላይ ይተክላሉ። ከዚያም መሬቱን ያናውጡታል። ይህም በሁለት መንገድ ይደረጋል፤ ወይ ጠባብ ጉድጓድ ተቈፍሮ በውስጡ ድማሚት ይፈነዳል፥ ወይም አንድ ከባድ መኪና ከሥሩ ያለውን ሰፊ ብረት መሬት ላይ አሳርፎ ለጥቂት ሰኮንዶች ያንቀጠቅጣል። ሞገዱ ወደ ታች ወርዶ ከአንዱ የድንጋይ ንጣፍ ወደ ሌላው ሲደርስ ከፊሉ ተመልሶ ይወጣል፤ ጂኦፎኑም ይመዘግበዋል። ለምሳሌ ሞገዱ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰኮንድ ቢፈጅበትና አማካይ ፍጥነቱ በሰኮንድ 3,000 ሜትር ቢሆን፥ ደርሶ መልሱ 6,000 ሜትር ስለሚሆን ንጣፉ ያለው በ3,000 ሜትር ጥልቀት ነው። ፍተሻው ነዳጅ ሊጠራቀም የሚችልበትን ስፍራ ያመለክታል፤ መኖሩን የሚያረጋግጠው ግን ቁፋሮ ብቻ ነው።

2. የአካባቢው ሰው ሥጋት

ከባድ መኪናዎች እርሻና መንገድ ያበላሻሉ፤ ለመስመሩ ሲባል ቍጥቋጦ ይመነጠራል፤ በሚገባ ያልተደፈነ የድማሚት ጉድጓድ ለሰውና ለከብት አደጋ ይሆናል። ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው ግን የግድግዳ መሰንጠቅና የውሃ ጉድጓድ መደፍረስ ነው። የአሜሪካ የማዕድን ቢሮ በ1980 ባወጣው ጥናት፥ ለመኖሪያ ቤት የሚፈቀደው የንዝረት ፍጥነት ሞገዱ ዝግ ያለ ሲሆን በሰኮንድ ከ12.7 እስከ 19 ሚሊሜትር፥ ሞገዱ ፈጣን ሲሆን እስከ 50 ሚሊሜትር እንዲሆን ሐሳብ አቅርቧል። ይህ ልክ የተገኘው በማዕድን ማውጫ ፍንዳታ አጠገብ ከነበሩ የአሜሪካ ቤቶች ነው። ስለዚህ ከጭቃና ከእንጨት ለተሠራ ቤት እንዳለ ወስዶ መፍረድ አይገባም።

3. የዴንተን ከተማ ነገር

የቴክሳስዋ ዴንተን የምትገኘው ባርኔት ከሚባለው ጋዝ አዘል ድንጋይ በላይ ነው። በኅዳር 2014 ነዋሪዎችዋ ድምፅ ሰጥተው፥ ድንጋይን በውሃ ግፊት እየሰነጠቁ ጋዝ ማውጣትን በከተማቸው ክልል ከለከሉ። ከመቶ 59 ያህሉ ክልከላውን ደገፉ። ይሁን እንጂ የግዛቱ ምክር ቤት ወዲያው ሌላ ሕግ አወጣ፤ አገረ ገዢው ግሬግ አቦት በግንቦት 2015 ፈረሙበት። በሚቀጥለው ወር የከተማው ምክር ቤት ክልከላውን ሻረ።

የዴንተን ክርክር ስለ ጋዝ ማውጣት እንጂ ስለ ንዝረት ፍተሻ አልነበረም። ነገር ግን አዲሱ ሕግ የነዳጅና የጋዝ ሥራን ሲተረጕም ፍለጋንም ጨምሮ ስለሆነ፥ ውጤቱ ለፍተሻውም ተረፈ። በሕጉ መሠረት የነዳጅ ሥራን የመቈጣጠር ሥልጣን የግዛቱ ነው። ከተማ ደንብ ሊያወጣ የሚችለው ከምድር በላይ ስላለው ነገር ብቻ ነው፤ ማለትም ስለ እሳት አደጋ፥ ስለ ትራፊክ፥ ስለ መብራት፥ ስለ ድምፅ፥ ስለ ማስታወቂያና ስለ ተመጣጣኝ ርቀት። ይህም ደንብ ሥራውን በተግባር የሚከለክል መሆን የለበትም፤ ለነጋዴውም ምክንያታዊ መሆን አለበት። እዚህ ላይ አንድ የሕግ ተማሪ ይጠይቃል፤ ድማሚቱ የሚፈነዳው ከምድር በታች፥ የሚሰነጠቀው ግድግዳ ከምድር በላይ ሲሆን ነገሩ ከየትኛው ወገን ይቈጠራል?

4. የቀረው ሥልጣን

የቀረው ትንሽ ቢመስልም ከንቱ አይደለም። ከተማው የመንገድ አጠቃቀምን፥ ለነዋሪው አስቀድሞ ማሳወቅን፥ ከቤትና ከውሃ ጉድጓድ የሚኖረውን ርቀት በደንብ ሊወስን ይችላል። ሕጉም ራሱ፥ ቢያንስ 5 ዓመት የቆየና ሥራው እንዲቀጥል የፈቀደ ደንብ ለነጋዴው ምክንያታዊ እንደሆነ አድርጎ ይገምታል። አስቀድሞ ደንቡን ያዘጋጀ ከተማ ከዘገየው ይልቅ የጸና መከላከያ አለው ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ የትም አገር ሊሠራ የሚችል ነገር አለ፤ ይኸውም መረጃ ነው። ፍንዳታው ከመጀመሩ በፊት የግድግዳው ሁኔታ በፎቶግራፍ ተመዝግቦ፥ የጉድጓዱ ውሃ ተመርምሮ ከሆነ ኋላ የሚነሣው ክርክር በማስረጃ ይዳኛል። ካልሆነ ኩባንያው «ስንጥቁ የቆየ ነው» ይላል፤ ባለቤቱም «ትናንት አልነበረም» ይላል፤ ዳኛው በመካከል ባዶ እጁን ይቀራል።

5. ወደ አገራችን ስንመለስ

በኦጋዴን የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ከተገኘ ወዲህ ፍለጋው በየጊዜው ሲቆምና ሲቀጥል ቆይቷል። በቴክሳስ አንድ ባለመሬት ከምድር በታች ያለው ሀብት ባለቤት ሆኖ ከኩባንያው ጋር ሊዋዋል ይችላል። በእኛ አገር ግን በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አንቀጽ 52 ክልሎች የፌዴራሉ መንግሥት በሚያወጣው ሕግ መሠረት መሬትን እንዲያስተዳድሩ ሥልጣን ይሰጣል። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል።

እንግዲህ የእኛ አርብቶ አደር በውል የሚደራደርበት የማዕድን ባለቤትነት ስለሌለው፥ የሚጠበቅበት መንገድ መጠየቁና መመዝገቡ ነው። ጥያቄው መኪናዎቹ ከገቡ በኋላ ቢቀርብለት ማስታወቂያ እንጂ ምክክር አይባልም።

ከመካከላችን መሐንዲስ ሆኖ መስመሩን የሚለካ፥ የሕግ ባለሙያ ሆኖ ውሉን የሚጽፍ፥ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚቀመጥም ይኖራል። በዚያን ቀን ከሁሉ አስቀድሞ የጉድጓዱን ውሃ የሚያስመረምር፥ የግድግዳውን ሁኔታ የሚያስመዘግብ ቢገኝ የዚህ ትምህርት ፍሬ ታየ ማለት ነው።