ቀለም ከመገዛቱ በፊት የአሮጌው ቤት ግድግዳ ይመርመር

በአዲስ አበባ ቀለም ቀቢ በብዛት የሚፈለገው ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ቤቱን ለዓመት በዓል ለማሳመር የሚሻ ባለቤት ነሐሴ ሲጋመስ ቀለም ይሸምታል፣ ሠራተኛም ይይዛል። ለውስጥ ግድግዳ ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ለውጭው ግን ከዚህ የከፋ ወቅት የለም፤ ግድግዳው ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲጠጣ ከርሟልና። በላዩ የተቀባው የዘይት ቀለም እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዘው፣ በጋው ሲጠና ቀለሙ ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ ያብጥና ይላጣል። ባለቤቱም ለቀለምና ለጉልበት ያወጣውን ገንዘብ በዓመቱ እንደገና ለማውጣት ይገደዳል።

የተሻለው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። ያኔም ቢሆን ግድግዳው መድረቁን ማረጋገጥ አይከፋም። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር አሽጎ ማሳደር ነው። በማግስቱ በላስቲኩ የውስጥ ገጽ ላይ ጤዛ ከታየ ሥራው ይቆይ።

የከተማዋ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ላይ ጭቃ ከጭድ ጋር ተመርጎባቸው፣ ኋላ በሲሚንቶ የተለሰኑ ናቸው። ጭቃና ሲሚንቶ ደግሞ አብረው አይዘልቁም። ጭቃው ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው ግን ስለማይከተለው ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ በቀላሉ አይወጣም። እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተላል። እንዲህ ያለውን ግድግዳ መቀባት ጉዳቱን መሸፈን እንጂ ቤቱን ማደስ አይደለም። ቀለሙ አምሮ ሳለ ቋሚው ከሥር ሊያልቅ ይችላል።

ስለዚህ ምርመራው ከጣሪያ ይጀምራል። የተበሳ ቆርቆሮ ወይም ያፈሰሰ አሸንዳ ሳይጠገን ግድግዳውን መንካት ትርፉ ድካም ነው። ከታች ደግሞ ግድግዳውን የተደገፈ አፈር ተዝቆ ውሃው ከቤቱ እንዲርቅ ቦይ ይበጅለታል።

ከዚያም ልስኑን በጣት አንጓ ማንኳኳት ነው። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ክፍል ከጭቃው ለቋል፤ ሙሉ በሙሉ ይነሳ። የበሰበሰ እንጨት ካለ ይቀየራል፣ ጭቃውም ተመርጎ በደንብ ይደርቃል። በሲሚንቶ የሚለሰን ከሆነ በእንጨቱ ላይ የወንፊት ሽቦ በሚስማር መምታት ያሻል። እንዲያውም ለጭቃ ቤት ኖራ ያለበት ልስን ይሻላል፤ እርጥበት ያስተነፍሳልና። አዲስ የሲሚንቶ ልስን እስከ አራት ሳምንት ሳይቆይ አይቀባ፤ በውስጡ ያለው የኖራ ኃይል የዘይት ቀለምን ይበላዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ግድግዳ የውሃ ቀለም ተመራጭ ነው።

ቀጭን ስንጥቅ በቢላዋ ጫፍ ሰፋ ተደርጎ፣ አቧራው ተጠርጎ ይሞላል። መዳፍ ሲያሹት ነጭ ዱቄት የሚለቅ አሮጌ የኖራ ቅብ መፋቅ አለበት፤ አለዚያ አዲሱ ቀለም የሚይዘው ዱቄቱን እንጂ ግድግዳውን አይደለም። ጨው መሰል ነጭ ነገር የወጣበት ቦታ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፤ በውሃ ከታጠበ ጨው ተመልሶ ይገባል።

በበርና መስኮት ላይ ያለ አሮጌ የዘይት ቀለም ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። በቀለም ውስጥ የሚገኘውን የእርሳስ መጠን የሚገድብ ደንብ በኢትዮጵያ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተቀባው እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። አቧራው ለሕፃናት አእምሮ ጎጂ ነው። ስለሆነም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ከመፈግፈግ እያረጠቡ መፋቅ፣ ልጆችንም ማራቅ ይገባል። የዛገ ብረት በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ የዝገት መከላከያ ይቀባል።

ስሌቱም ይህንኑ ያሳያል። 1 ሊትር ቀለም በለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ ጊዜ ሲቀባ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። 60 ካሬ ሜትር ግድግዳ ሁለት ጊዜ ለመቀባት ከ12 እስከ 15 ሊትር ይበቃል፤ ያልተስተካከለና ውሃ የሚመጥ ግድግዳ ግን ከዚህ በላይ ይፈጃል።

ውሉም ቢሆን ቀድሞ ይታሰብበት። በካሬ የሚከፈለው ቀቢ ቶሎ ጨርሶ መሄድ ይፈልጋል፤ ፍቆና ሞልቶ ማድረቅ ለእሱ ኪሳራ ነው። የዝግጅቱና የቅቡ ዋጋ ለየብቻ ተቆርጦ፣ የመጀመሪያው ክፍያ የሚፈጸመው ባለቤቱ ግድግዳውን ገና ቀለም ሳይነካው አይቶና አንኳኩቶ ሲረከብ ቢሆን ይበጃል።