ፌዝ ቀልድ አይደለችም፦ የአንዲት ጥንታዊ የሞሮኮ ከተማ ቅርሶችና የእጅ ሙያዎች

መግቢያ

ፌዝ የሚለውን ቃል ስንሰማ መጀመሪያ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ቀልድና ሹፈት ነው። በሞሮኮ ግን ፌዝ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላት ትልቅ ከተማ ናት። ስለዚህች ከተማ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ጥያቄም ከስሟ ብዙ የራቀ አይደለም። ቱሪስት በሚበዛበት አሮጌ ከተማ ውስጥ ባለሙያው ሲቀጠቅጥ፣ ሲጠርብ፣ ሲሸምን ስናይ፣ የምናየው እውነተኛ ሥራ ነው ወይስ ለእኛ ተብሎ የተዘጋጀ ትርኢት? ሰዎቹ የምራቸውን ነው ወይስ ፌዝ ነው? ነገ አስጎብኚ ወይም የቅርስ ባለሙያ እሆናለሁ ለሚል ተማሪ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

መልሱን ለመፈለግ በከተማዋ ውስጥ አንድ የጉብኝት መስመር ይዘን ከላይ ወደ ታች እንወርዳለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ለብቻው ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ እንዴት ቆመች?

ፌዝን በ789 የቆረቆራት ቀዳማዊ ኢድሪስ ነው። ልጁ ዳግማዊ ኢድሪስ ደግሞ በ809 ገደማ ከወንዙ ማዶ ሁለተኛ ከተማ መሠረተ። በ818 በኮርዶባ ከተነሣው ዓመፅ በኋላ የተባረሩ ብዙ ቤተሰቦች በአንደኛው ዳርቻ ሰፈሩ። ከዛሬዋ ቱኒዝያ፣ ከቀይራዋን የመጡት ደግሞ በሌላኛው ዳርቻ ተቀመጡ። እነዚህ ስደተኞች ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ ሙያቸውንና ትምህርታቸውን ይዘው ነው የመጡት። ሁለቱን ከተሞች በ11ኛው ክፍለ ዘመን በአንድ ቅጥር ያዋሐዷቸው አልሞራቪዶች ናቸው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት ማሪኒዶች ደግሞ ዋና ከተማቸው አደረጓትና በ1276 ከጎኗ "አዲሲቱ ፌዝ" የተባለችውን የቤተ መንግሥት ከተማ ሠሩ።

በ1912 ሞሮኮ በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር እንድትሆን ያደረገው ውል የተፈረመው እዚሁ ፌዝ ነበር። ከዚያ በኋላ መናገሻነቱ ወደ ራባት ተዛወረ፤ ለአውሮፓውያን የሚሆን አዲስ ከተማም ከቅጥሩ ውጪ ተሠራ። አሮጌዋ ከተማ በዚህ ምክንያት ከመፍረስ ዳነች፤ ግን ገንዘብ ያላቸው ቤተሰቦች ቀስ በቀስ ጥለዋት ወጡ። በባዶዎቹ ትላልቅ ቤቶች ከገጠር የመጡ ድሆች ተጠጋግተው ገቡባቸው። ዩኔስኮ በ1981 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት እንግዲህ የመዘገበው ሰው የሚኖርባትና የሚሠራባት፣ የተጎዳችም ከተማ ነው እንጂ ሙዚየም አይደለም።

ከሰማያዊው በር እስከ መድረሳው

አብዛኛው ጎብኚ የሚገባው ባብ ቡ ጅሉድ በሚባለው በር ነው። በውጪ በኩል በሰማያዊ፣ በውስጥ በኩል በአረንጓዴ ጡብ አጊጧል። ሲያዩት የሺህ ዓመት ይመስላል፤ የተሠራው ግን በ1913 ነው። ጥሩ አስጎብኚ ይህንን አይደብቅም። በሩ አዲስ ቢሆንም ያስጌጡት እጆች የቆየ ሙያ ይዘው የመጡ ናቸውና፣ እንዲያውም እውነቱ ከውሸቱ ይበልጣል።

ከበሩ አለፍ ብሎ በ1350ዎቹ በሱልጣን አቡ ዒናን የተሠራው የቡ ዒናኒያ መድረሳ ይገኛል። እዚህ ግቢ ውስጥ ቆሞ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ማንበብ ይቻላል። ታች ዘሊጅ የሚባለው ባለቀለም የሸክላ ሞዛይክ፣ መሐል የተቀረጸ ጀሶ፣ ላይ ደግሞ ከአትላስ ተራሮች የመጣ የአርዝ (የሊባኖስ ዝግባ ወገን) እንጨት ነው። ሦስት ቁስ፣ ሦስት ሙያ። ልብ በሉ! እነዚህ ሦስቱም ሙያዎች ዛሬም በከተማዋ አሉ።

ዘሊጅን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ባለሙያው የተቀባና የተተኮሰ ጠፍጣፋ ሸክላ ይዞ በከባድ ስለታም መዶሻ እየጠረበ ኮከብ፣ መስቀለኛ፣ ባለብዙ ማዕዘን ቅርጽ ያወጣል። ገጣሚው ደግሞ ቁርጥራጮቹን ፊታቸውን ወደ መሬት አድርጎ ይደረድራል፤ ከዚያ በጀርባቸው ላይ ልስን ይፈስሳል። ሲገጥም ቀለሙን አያየውም ማለት ነው! ንድፉ ያለው በጭንቅላቱ ውስጥ ነው። አሮጌው ግድግዳ ሲሰነጠቅ የሚጠግነው ይኸው ሙያ ነው። ሙያው ከጠፋ መድረሳውም ጊዜውን ጠብቆ ይጠፋል። ቅርስና ወርክሾፕ በፌዝ አንድ ናቸው የምለው ለዚህ ነው።

አናጢዎችና መዳብ ቀጥቃጮች

ከመድረሳው ቁልቁል የሚወስደው መንገድ ጠባብ ነው። መኪና አይገባም፤ ጭነት የሚጓዘው በአህያና በበቅሎ ነው። ነጂዎቹ "ባላክ!" እያሉ ይጮሃሉ፤ "ዞር በሉ!" ማለታቸው ነው። ዞር ያላለ ጎብኚ በጆንያ መገፋቱ አይቀርም።

በዚህ መንገድ ወርደን የአናጢዎቹ አደባባይ ነጃሪን እንደርሳለን። በአደባባዩ ላይ ያለው ፈንዱቅ፣ ማለትም የነጋዴዎች ማረፊያ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ሲሆን ከ1998 ጀምሮ የእንጨት ሥራ ሙዚየም ነው። በአካባቢው ያሉት አናጢዎች ዛሬም ሙሽሮች የሚቀመጡባቸውን ያጌጡ ወንበሮች ይሠራሉ።

ትንሽ ወረድ ብሎ የቀራዊይን መስጊድ አለ። እንደሚተረከው ፋጢማ አል ፊህሪ የተባለች የቀይራዋን ስደተኛ ልጅ በ859 ያሠራችው ሲሆን፣ በዘመናት ብዛት ትልቅ የትምህርት ማዕከል ሆኖ በ1963 በመንግሥት ዩኒቨርሲቲነት ተደራጅቷል። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከበር ሆኖ ግቢውን ያያል። ሰው የሚጸልይበት ቤት ነውና ይህን ማክበር የጉብኝቱ አካል ነው።

ከመስጊዱ ጀርባ፣ በቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ፣ ሰፋሪን የሚባለው የመዳብ ቀጥቃጮች አደባባይ አለ። የመዶሻው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። እዚህ ለቱሪስት የሚሆን ትንንሽ ሰሃን ይሸጣል፤ ግን ከጎኑ ሰው የሚያክል የሠርግ ብረት ድስት ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ያንን ድስት በሻንጣው ይዞ የሚሄድ ቱሪስት የለም! የከተማው ሰው ነው ለድግሱ የሚፈልገው። ለመግቢያው ጥያቄ የመልሱ ግማሽ ያለው እዚህ ድስት ላይ ነው። የአገሬው ደንበኛ ያለው ሙያ ትርኢት አይሆንም።

የቆዳ ማልፊያው ጉዳይ

የጉብኝቱ መጨረሻ ብዙ ጊዜ ሹዋራ የተባለው የቆዳ ማልፊያ ነው። ቱሪስቶች በዙሪያው ካሉት የቆዳ ሱቆች ሰገነት ላይ ሆነው ቁልቁል ያዩታል። ሽታውን እንዲከላከሉ በመግቢያው ላይ የናና ቅጠል ይታደላቸዋል። ታች የበግ፣ የፍየል፣ የከብትና የግመል ቆዳ በኖራ ውሃ ይነከራል፤ ፀጉሩም ይላላል። ቀጥሎ የርግብ ኩስ ባለበት ጉድጓድ ይገባል፤ ኩሱ ውስጥ ያለው አሞኒያ ቆዳውን ያለሰልሰዋል። ከዚያ ወደ ቀለሙ ጉድጓድ ያልፋል። ሠራተኞቹ እስከ ጭናቸው ገብተው በእግራቸው ይረግጡታል። አንዳንድ አስጎብኚ ቀለሙ ሁሉ ከአበባና ከቅጠል ነው ይላል፤ ዛሬ ግን የኬሚካል ቀለምም ይሠራበታል።

እኔን የሚከነክነኝ ቦታ ይህ ነው። ላይ ናና ያሸተተ ሰው ፎቶ ያነሳል፤ ታች ሌላው ሰው ቀኑን ሙሉ በኖራ ውስጥ ቆሟል። ቱሪስቱ ሲገዛ ገንዘቡን የሚቀበለው ባለሱቁ ነው፤ አስጎብኚውም ኮሚሽን ሊቆርጥ ይችላል። በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሰው ድርሻ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይታይም። ሥራው እውነተኛ ነው፤ አስተያየታችን ግን ትርኢት ያደርገዋል። ስለዚህ የመልሱ ሌላኛው ግማሽ በእኛው እጅ ነው ማለት ነው።

ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በፌዝ የሙያው አዋቂ "ማዓለም" ይባላል፤ የቃሉ ትርጉም መምህር ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ "ፋቂ"፣ "ቀጥቃጭ"፣ "ቡዳ" የሚሉት የስድብ ቃላት ነበሩ፤ ኧረ ዛሬም ጨርሰው አልጠፉም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። በ2006 የተመዘገበችው የሐረር ጁገልም እንደ ፌዝ ሰው የሚኖርባት ባለቅጥር ከተማ ናት። የሐረር ስፌት እስካሁን የዘለቀው መጀመሪያ በሐረሪዎች ቤት ግድግዳ ላይ ቦታ ስላለው ነው። ለሱቅ ብቻ ቢሰፋ ኖሮ ጥራቱም ክብሩም በዚህ ደረጃ አይቆይም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ማጠቃለያ

ከፌዝ የምንወስደው ትምህርት በአጭሩ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ጉብኝቱን ከቅርሱ ጀምረን ወደ ወርክሾፑ እንውሰድ፤ እንግዳው መጀመሪያ ግድግዳውን ካየ መዶሻው ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ባለሙያውን "ስንት ነው?" ከማለታችን በፊት "ለማን ነው የምትሠራው?" ብለን እንጠይቀው። ሦስተኛ፣ ሳናስፈቅድ ፎቶ አናንሳ፤ ስንገዛም በተቻለ መጠን ከሠራው ሰው እጅ እንግዛ። እነዚህን ያደረገ አስጎብኚ እንግዳውንም ባለሙያውንም ያስከብራል። ያላደረገ ግን የሰውን የዕለት እንጀራ ፌዝ ያደርገዋል።