ከጅዳ የመጣችው የፕላስቲክ ዓሣ



በመርሳም ሆነ በወልድያ፣ ከዐረብ አገር የተመለሰ ሰው ባለበት ቤት ገብተን ስንቀመጥ፣ በቡፌው መስተዋት ውስጥ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ የተደረደሩ ትንንሽ አሻንጉሊቶችን ማየት የተለመደ ነው። ከእነዚህም መካከል አልፎ አልፎ አንዲት ብርቱካንማ ዓሣ ትገኛለች። በሰውነቷ ላይ ሦስት ነጭ መቀነት አላት፤ ክንፎቿ በጥቁር ተከፍፈዋል፤ ዓይኖቿም ከልክ በላይ ተልቀው የተሠሩ ናቸው። እኅት ከጅዳ ያመጣችው ዕቃ ስለሆነ ሕፃናት እንዳይነኩት ቡፌው ይቆለፋል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህች ዓሣ ነው። ለመሆኑ የማን ምስል ናት? ከወዴትስ መጣች?

አሠራሯ ቀላል ነው። የቀለጠ ፕላስቲክ በብረት ቅርጽ ውስጥ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ይወጣና ቀለም ይቀባል። እንዲህ ያሉትን ምስሎች መሰብሰብ በውጭ አገር ሕፃናት ብቻ ሳይሆን በአዋቂዎችም ዘንድ የተወደደ ነገር ነው። በኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1974 በቸኮሌት ዕንቁላል ሆድ ውስጥ አሻንጉሊት ተደብቆ መሸጥ ተጀመረ፤ ገዢው የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ የጎደለውን ለማሟላት ደጋግሞ ይገዛል። (ነጋዴ መላ አያጣም!) ብርቱካንማዋን ዓሣ በዓለም ሁሉ ያሳወቃት ግን በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሠራው «ፋይንዲንግ ኒሞ» የተሰኘ የካርቱን ፊልም ነው። ከዚያ ወዲህ የዓሣዋ ምስል ያልታተመበት የልጆች ቦርሳና ብርድ ልብስ ጥቂት ነው።

አሁን መቀነቷን እንቁጠር። ሦስት ነው። ባለ ሦስት መቀነቷ ዓሣ የምትኖረው ከሕንድ ውቅያኖስ ምሥራቃዊ ክፍል እስከ ምዕራብ ፓስፊክ ባለው ሞቃት ባሕር ነው እንጂ በቀይ ባሕር አትገኝም። የቀይ ባሕር ዘመዷ መቀነቷ ሁለት ብቻ ነው። መልኳም ከብጫ ብርቱካን እስከ ጥቁር ቡናማ ይደርሳል። ጅዳ በቀይ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። እንግዲህ እኅታችን ከባሕሩ ዳር ከሚገኝ ሱቅ የሩቅ አገር ዓሣ ምስል ገዝታ መጣች ማለት ነው፤ የአገሩ ዓሣ ግን ከሱቁ ብዙም ሳይርቅ በውሃው ውስጥ ነበረ።

ይህን አለማወቃችን አያስገርምም። የሀብሩ ውሃ ከባሕር አይደርስም። ከወሎ ደጋ የሚወርደው ሚሌ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። ከላስታ በኩል የሚፈስሰውም በተከዜ አድርጎ ከዓባይ ጋር ወደ ሜዲትራንያን ይሄዳል እንጂ ቀይ ባሕርን አያይም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ደግሞ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም። ዳሩ ግን የሀብሩ ወጣት ባሕሩን አያውቀውም ማለት አይቻልም። ከኦቦክ በጀልባ ተጭኖ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሳውዲ ዐረቢያ የሚሻገር ስንቱ ነው? በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች በሁለት ሳምንት ልዩነት በጅቡቲ ዳርቻ ተገልብጠው ብዙ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል። ስለዚህ በእኛ ቤት ቀይ ባሕር ሲነሣ የሚታሰበው መንገድና ሐዘን ነው። ከጀልባው በታች ምን እንዳለ ማንም አይጠይቅም፤ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ያለ ሰውም እንዲጠይቅ አይጠበቅበትም። ደርሶ የተመለሰው፣ ወይም በቤቱ ተቀምጦ ቡፌውን የሚያየው ግን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ከታች ያለው እንዲህ ነው። ኮራል የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን እንስሳት በብዙ ዘመን የኖራ ድንጋይ ቋጥኝ ይሠራሉ። በቋጥኙ ላይ አኒሞን የተባለ አበባ የሚመስል እንስሳ ተጣብቆ ይኖራል። አኒሞን ብዙ ጣቶች አሉት፤ ጣቶቹም እንደ ሳማ ይለበልባሉ፤ ትንሽ ዓሣ ቢነካቸው ደንዝዞ ምግባቸው ይሆናል። ባለ መቀነቷን ዓሣ ግን ቆዳዋን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር ስለሚጠብቃት በጣቶቹ መካከል ትተኛለች፣ ዕንቁላሏንም ከሥሩ ትጥላለች። እርሷም በነጻ አትኖርም። ጣቶቹን ሊቆረጥሙ የሚመጡ ዓሦችን ታባርራለች፤ ከሰውነቷ የሚወጣውም ቆሻሻ ለአኒሞኑ ምግብ ይሆነዋል።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ የቤተ ሰባቸው ሥርዓት ነው። በአንድ አኒሞን ውስጥ ትልቋ ሴት ናት፤ ቀጥሎ ባልዋ፤ ከዚያ በታች ገና ያልደረሱ ትንንሾች። ዕንቁላሉን የሚጠብቀውና በክንፉ የሚያራግበው በተለይ ወንዱ ነው። ሴቲቱ ብትሞት ወንዱ ቀስ በቀስ ተለውጦ ሴት ይሆናል፤ ከትንንሾቹም ትልቁ በወንዱ ቦታ ይተካል። ፊልሙ ይህን አላሳየም። በፊልሙ እናቲቱ ስትሞት አባት አባት ሆኖ ልጁን ሲፈልግ ይኖራል።

ይህ ኑሮ የተመሠረተው በአኒሞኑ ነው። በአኒሞኑና በኮራሉ ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ለባለቤቱ ያካፍላሉ። ባሕሩ ከልኩ በላይ ሲሞቅ አልጌዎቹ ይወጣሉ፤ እንስሳውም ነጭ ሆኖ ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2023 የቀይ ባሕር ውሃ ለወራት ባልተለመደ ሁኔታ ሞቀ። በሳውዲ ዐረቢያ ዳርቻ ተመራማሪዎች በተከታተሏቸው ሦስት ቋጥኞች ላይ ከአኒሞኖቹ ከግማሽ የሚበልጡት ሞቱ፤ ባለ ሁለት መቀነት ዓሦቹ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ጠፉ። ቤት የሌለው ዓሣ ለማንም ጉርሻ ነውና። የፕላስቲኳ ዓሣ ሙቀት አይነካትም።

የሀብሩ እረኛ ልጅ ከወንዝ ዳር ጭቃ በሬ ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሻኛውን አይረሳም፣ የቀንዱን አወጣጥ ያውቃል፤ የአባቱ በሬ ቦቃ ከሆነ በግንባሩ ላይ ኖራ ይቀባዋል። ያየውን ነው የሚሠራው። የቀይ ባሕሯን ዓሣ ከዚያው ጭቃ ለመሥራት የሚፈልግ ሕፃን ካለ በልኳ እንዲሠራት ይህን ንገሩት፦ ርዝመቷ አንድ ጣት ያህል፣ ብታድግ 14 ሳንቲ ሜትር፤ ሰውነቷ ከጎንና ከጎን ጠፍጠፍ ያለ፤ ጭራዋ አጭር። የመጀመሪያው የኖራ መቀነት ከዓይኗ በስተኋላ፣ ከላይ ሰፋ ብሎ፤ ሁለተኛው ከወገቧ ላይ፣ ጠበብ ብሎ። በሁለቱም ዳርና ዳር በከሰል ቀጭን ጥቁር መስመር ይሰመር። በጭራዋ ሥር ምንም አይቀባ።