«ታርጌት» ለምን አይበቃም? በማቨን የኮምፓይለር ፕለጊን ውቅር ላይ አጭር ምልከታ

ለምርምር የተጻፈ ሶፍትዌር በሌላ ተመራማሪ ማሽን ላይ መሥራት ካልቻለ፣ በእርሱ የተገኘውን ውጤት መልሶ ማረጋገጥ አዳጋች ነው። በጃቫ ለሚሠሩ ሰዎች ይህ ችግር ከስልተ ቀመሩ ሳይሆን፣ ማቨን በተባለው የግንባታ መሣሪያ የፖም ፋይል ውስጥ ካሉ ጥቂት መስመሮች ሊመነጭ ይችላል።

ማቨን የምንጭ ኮድን በራሱ አያጠናቅርም፤ ኮምፓይል የማድረጉን ሥራ ለኮምፓይለር ፕለጊን፣ የማሸጉን ሥራ ለጃር ፕለጊን ይተዋል። በቆዩ የፖም ፋይሎች ዘንድ የተለመደው ውቅር «ሶርስ» እና «ታርጌት» የተባሉትን መለኪያዎች 8 ብሎ መሙላት ነው። የመጀመሪያው ኮምፓይለሩ የሚቀበለውን የቋንቋ ሰዋስው፣ ሁለተኛው የሚወጣውን የክላስ ፋይል ስሪት ይወስናል። ኮዱ የሚጠራው መደበኛ ላይብረሪ የትኛው ስሪት ነው የሚለው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ይቀራል። ኮምፓይለሩ የሚመለከተው በማሽኑ ላይ የተጫነውን ላይብረሪ ነው።

ጉዳቱን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። በጃቫ 8 «ባይትበፈር» የተባለው ክላስ «ፍሊፕ» የተሰኘውን ሜተድ ከወላጁ ከ«በፈር» ይወርሳል፤ ሜተዱም የሚመልሰው «በፈር»ን ነው። ከጃቫ 9 ጀምሮ ግን «ባይትበፈር» የራሱ «ፍሊፕ» አለው፤ የሚመልሰውም «ባይትበፈር»ን ነው። በምንጭ ኮዱ ላይ የሚታይ ለውጥ የለም። ሆኖም የሜተዱ የመልስ ዓይነት በክላስ ፋይሉ ውስጥ አብሮ ይጻፋል። ስለሆነም በጃቫ 17 «ታርጌት» 8 ተብሎ የተጠናቀረ ፕሮግራም በጃቫ 8 ማሽን ላይ ይነሣል፤ «ፍሊፕ» የተጠራበት መስመር ላይ ሲደርስ ግን ሜተዱ አልተገኘም ብሎ ይወድቃል። ያ መስመር የሚደረስበት ከረጅም ስሌት በኋላ ከሆነ የጠፋው ጊዜ ቀላል አይደለም። ኮምፓይለሩ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥቂት ነው።

መፍትሔው በ2017 ከወጣው ጃቫ 9 ጋር የመጣው «ሪሊስ» ነው። በፖም ፋይሉ የንብረቶች ክፍል «ማቨን.ኮምፓይለር.ሪሊስ» 8 ተብሎ ሲሞላ፣ ሰዋስውም፣ የክላስ ፋይሉም፣ የሚታየው ላይብረሪም በአንድነት የጃቫ 8 ይሆናሉ። የቀደሙት ሁለት መለኪያዎች ከዚያ በኋላ ስለማያስፈልጉ ቢወጡ ይሻላል። ዋጋም አለው፤ ይፋ ያልሆኑ የጃቫ ውስጣዊ ክላሶችን የሚጠራ ኮድ ላይጠናቀር ይችላል። በእኔ አስተያየት ይህ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ለሚሠራ ተመራማሪ ሌላም መስመር አለ። «ፕሮጀክት.ቢውልድ.ሶርስኢንኮዲንግ» ዩቲኤፍ-8 ተብሎ ካልተሞላ፣ ከጃቫ 18 በፊት በነበሩት ስሪቶች ኮምፓይለሩ የማሽኑን ነባሪ ኢንኮዲንግ ይከተላል። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ፋይሉ በዊንዶውስ-1252 ሲነበብ ፊደሉ ወደ ሦስት ባዕድ ምልክቶች ይበተናል። ግንባታው ሊሳካ ይችላል፤ በኮዱ ውስጥ የተዘረዘረው «እና» ግን በጽሑፉ ውስጥ ካለው ጋር ፈጽሞ አይገጥምም። እዚህ ላይ ፕሮግራሙ አይወድቅም፤ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል እንጂ።

ማሸግን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። የጃር ፋይል የእያንዳንዱን ፋይል ሰዓት ስለሚይዝ፣ ያው ኮድ ሁለት ጊዜ ሲታሸግ ባይቱ ይለያያል፤ «ፕሮጀክት.ቢውልድ.አውትፑትታይምስታምፕ» በቋሚ ቀን ሲሞላ ይህ ልዩነት ይወገዳል። የፕለጊኖቹም ስሪት በግልጽ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ምርጫው በተጫነው ማቨን ላይ ይወድቃል።