የአንገት ደም ቅዳ ሲዘጋ አንጎል በምን ይተዳደራል?

አንጎል በክብደቱ ከመላው አካል ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ልብ ከምትረጨው ደም ከአምስት አንድ እጅ የሚጠጋውን ለብቻው ይወስዳል፤ ለክፉ ቀን የሚያኖረው ስንቅ ግን ስለሌለው፣ ደሙ ፈጽሞ የተቋረጠበት ሰው በጥቂት ሴኮንድ ራሱን ይስታል። ደሙን የሚያደርሱለት በአንገት ፊት ግራና ቀኝ ጣት ሲያርፍባቸው የሚመቱት ሁለቱ ካሮቲዶች፣ ከኋላም በአንገት አጥንት ቀዳዳ ሾልከው የሚያልፉ ሁለት ቀጫጭን ደም ቅዳዎች ናቸው።

ታዲያ ከአራቱ አንዱ ቢዘጋ ሰው ወዲያው ይወድቃልን? ሊቁ ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1664 በለንደን ባሳተመው የአንጎል መጽሐፍ (ከሥዕሎቹ አያሌዎቹን የሣለለት፣ ኋላ የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል ያነጸው ክሪስቶፈር ሬን ነው) በሌላ ደዌ የሞተ ሰው በድን ከፍቶ ያየውን ይተርካል፤ የቀኙ ካሮቲድ እንደ አጥንት ደርቆ ተደፍኗል፣ በዚያው ወገን ያለው የኋላ ደም ቅዳ ግን ከግራ አቻው ሦስት እጥፍ ወፍሯል፣ ሰውየውም በሕይወቱ ሳለ ሽባነት አላገኘውም። ምሥጢሩ አራቱ ከአንጎል ሥር በቀለበት መገናኘታቸው ነው፤ አንዱ ጎዳና የተዘጋበት መንገደኛ በሌላው ገብቶ አደባባዩን በመዞር ካሰበበት እንደሚደርስ፣ ደሙም እንዲሁ ያደርጋል።

ነገር ግን ይህ ቀለበት በብዙ ሰው ዘንድ ጎደሎ ነው፤ ሙሉም ቢሆን ድንገት ለሚመጣ መዘጋት ሁልጊዜ አይደርስም፣ ዊሊስ ያየው የኋላ ደም ቅዳ የወፈረው ቀስ በቀስ ነበርና። ደግሞም ከመንጋጋ ማእዘን ዝቅ ብሎ ካሮቲድ ከሁለት በሚከፈልበት ስፍራ ከተጋገረው ስብ ፍርፋሪ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲሄድ፣ ከቀለበቱ ያለፈውን ወይም ወደ ዓይን የሚሄደውን ቀጭን ሥር ይደፍናል፤ እጅ ይዝላል፣ አንደበት ይተሳሰራል፣ ወይም አንድ ዓይን ይጋረዳል። ፍርፋሪው ሲሟሟ ሁሉ ስለሚመለስ ሕመምተኛው «ተወኝ» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል፤ በእኔ አስተያየት ከዚህ የከፋ መዘናጋት የለም፣ ዋናው ስትሮክ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይከተላልና፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1954 በለንደኑ ሴንት ሜሪስ ሆስፒታል የታከሙት የ66 ዓመት ሴት እንዲህ ያለው ሕመም ለወራት ሲመላለስባቸው ኖሮ፣ የግራ ካሮቲዳቸው ሊዘጋ ጥቂት እንደ ቀረው በራጅ ታየ። ቀዳጁ ሐኪም ፊሊክስ ኢስትኮት የታመመውን ክፍል ቆርጦ ጫፍና ጫፉን ሰፋ፤ ያን ጊዜ ደም ቅዳው ለ28 ደቂቃ ታስሮ መቆየት ስለነበረበት፣ የሴትዮዋ ቀለበት አንጎላቸውን ይችል እንደ ሆነ ማንም ስላላወቀ፣ የቀዘቀዘ አንጎል የሚሻው ኦክስጅን ጥቂት ነውና፣ አስቀድሞ ሰውነታቸውን እስከ 28 ዲግሪ አቀዘቀዙት።