ለቪትዝህ ጉልበት ከመግዛትህ በፊት

ልጄ፣ ከአዲስ አበባ ያመጣሃትን ቪትዝ አየኋት። የመጀመሪያዋ ዓይነት ናት፣ የ1,000 ሲሲዋ፤ ከፋብሪካ ስትወጣ 70 ፈረስ ጉልበት ነበራት። በሚሌ መንገድ ተሳቢ ከፊትህ ሲንቀረፈፍ ቀድመህ ለማለፍ አቅም እንደሚያንሳትና ባጠራቀምከው ብር ዕቃ ልታስገጥምላት እንዳሰብክ ነግረኸኛል። ምኞትህን አልነቅፍም፤ እኔም ጉልበት ያለው ሞተር ደስ ይለኛል። ብቻ እዚህ ዱብቲ ያለው ሙቀት ለሌላ አገር የተጻፈውን ምክር ሁሉ ስለሚሽር፣ ብርህን ሳታወጣ ስማኝ።

1. ከደጋ ወደ ቆላ በመውረድህ ያገኘኸውን እወቅ። ቱርቦ የሌለው ሞተር አቅሙ በሚስበው አየር ልክ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ እንዳንተ ያለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። 70 የተባለው 55 አካባቢ ይቀራል ማለት ነው። አዋሽ ከተማ ስትደርስ 1,000 ሜትር አካባቢ ነህ፣ ዱብቲ ደግሞ 400 አካባቢ። ቁልቁል በመውረድህ ብቻ የተመለሰልህ ጉልበት፣ የአዲስ አበባ ልጆች ብዙ ብር ከፍለው በዕቃ ከሚያገኙት ይበልጣል። መኪናህ እዚህ ወርዳም እንደ እንጦጦ ዳገት የምታቃስት ከሆነ፣ የጎደላት ዕቃ አይደለም፤ ታማለች።

2. እንግዲያው መጀመሪያ ትመርመር። የአራቱም ሲሊንደር ግፊት ይለካ። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ከ1 ባር በላይ ከተራራቁ ወይ የፒስተን ፋሻው አልቋል፣ ወይ ቫልቩ አይገጥምም፣ ወይ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ለቋል፤ እንዲህ ባለ ሞተር ላይ የሚጨመር ዕቃ ሁሉ ብር ማቃጠል ነው። ካንዴላዎቹን አስወጣና ጫፋቸውን እይ፤ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፣ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን ይነግርሃል፣ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ደግሞ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው። ፍሬን ይዞ የሚጎተት ጎማ እንዳለም አረጋግጥ። በጃክ አንሥተህ በእጅህ አሽከርክረው፤ ወዲያው ከቆመ ጉልበትህ የሚያልቀው እዚያ ነው።

3. ከሁሉ አብዝቼ የምነግርህ ስለ አየር ማጣሪያው ነው፤ ሁሉም መጀመሪያ የሚገዛው እሱን ነውና። ያ ከላይ ክፍት የሆነው፣ ሾጣጣው ማጣሪያ ሲገጠም ድምፁ ይጎላል፣ ድምፁን የሰማ ደግሞ ጉልበት የተጨመረ ይመስለዋል። የሚስበው አየር ግን ከኮፈኑ ሥር፣ ከሞተሩና ከራዲያተሩ ትኩሳት መሐል ነው። አየር 10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር እፍጋቱ 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ግንቦትና ሰኔ ላይ የዱብቲ አየር ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ኮፈኑ ሥር ደግሞ 70 ቢደርስ አይደንቅም። ሠላሳ ዲግሪ ጨምረህ አየር ስትስብ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ አየር አጣህ። የፋብሪካው ሳጥን ቱቦው ወደ ፊት የተዘረጋው ያለ ምክንያት አይደለም።

አቧራውስ? በተንዳሆ እርሻ መካከል ባለው የአፈር መንገድ የጭነት መኪና ተከትለህ ስትነዳ የምትውጠውን ታውቃለህ። ብዙዎቹ ክፍት ማጣሪያዎች የሚሠሩበት በዘይት የሚነከር ጥጥ ከወረቀቱ ይበልጥ ደቃቅ አቧራ ያሳልፋል። ከማጣሪያው በኋላ ያለውን ቱቦ ንቀልና ውስጡን በጣትህ ጥረገው። ጣትህ ላይ እንደ ዱቄት የላመ አፈር ከመጣ፣ ያ አፈር ሲሊንደሩን እየሞረደው ነው። ኦሪጅናሉን የወረቀት ማጣሪያ ግዛ፣ ሳጥኑ በደንብ መገጣጠሙን እይ፣ በኪሎ ሜትር ቁጥር ሳይሆን ቆሻሻውን እያየህ ቶሎ ቶሎ ቀይር።

4. ብርህ የሚያስፈልገው ማቀዝቀዣው ላይ ነው። ጉልበት ስትጨምር ትኩሳትም ትጨምራለህ፤ እዚህ አገር ደግሞ ትኩሳት የምታራግፍበት ቀዝቃዛ አየር የለህም። ከራዲያተሩ ፊት የኤሲው ኮንደንሰር አለ፣ በሁለቱ መሐል አቧራና የሣር ብናኝ ይታጨቃል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በዝግታ በሚፈስ ውኃ ይታጠብ፤ በኃይል የሚረጭ ውኃ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል። የወንዝ ወይም የጉድጓድ ውኃ አትሙላ፣ ውስጡ ደለልና ጨው ይጋገራል፤ ትክክለኛውን ኩላንት ከተጣራ ውኃ ጋር ሙላ።

አንድ ልማድ አለ፣ እኔ አጥብቄ የምቃወመው፦ “አገሩ ሞቃት ነው” ብለው ቴርሞስታቱን አውጥተው መጣል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በሌሊት ጉዞ ሙቀቱ አይደርስም፤ ኮምፒውተሩ ቀዝቃዛ ሞተር ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ ቤንዚኑ ሲደርስበት ዘይቱ ይቀጥናል፣ ጉልበትም ይወርዳል። የተበላሸውን አውጥተህ አዲስ አስገባ።

5. ስለ ማርሚታና ካታሊስት አጭር ነው የምለው። ሰፊ ማርሚታ ለ1,000 ሲሲ ሞተር ጥቅሙ እዚህ ግባ አይባልም፤ እንዲያውም ከታች ስትነሣ የምታገኘውን ጉልበት ሊቀንስብህ ይችላል። ካታሊስቱን አስወጥቶ መሸጥ ደግሞ ሴንሰሩን ያሳስተዋል፣ ጭሱን ሰው እንዲተነፍሰው ያደርጋል። የተደፈነ ከሆነ ይቀየር፤ ደህና ከሆነ አትንካው።

6. ቤንዚን በጀሪካን ከመንገድ ዳር አትቅዳ። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ዳገት ላይ ሞተሩን ያንኳኳዋል። ኮምፒውተሩ ማንኳኳቱን ሲሰማ ሞተሩን ለማዳን ብልጭታውን ያዘገያል፣ ጉልበትህም አብሮ ይወርዳል። ማደያ ላይ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሰው ጉልበት ይጨምራል የሚባለውን ቺፕ ከሚገዛው የተሻለ ጉልበት ያገኛል። ያንን የመኪናው ሶኬት ላይ ተሰክቶ መብራት ብቻ የሚያበራ ቺፕ እንዳትገዛ።

7. ያለህን ተጠቀምበት። ያ 70 ፈረስ የሚገኘው በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ ነው። አንተ ግን ከ3,000 ሳታልፍ ማርሽ ትቀይርና ደካማ ናት ትላለህ። ተሳቢ ልታልፍ ስትል አስቀድመህ ማርሽ ቀንስ፣ ኤሲውን ለዚያች ጊዜ ዝጋ፣ ከዚያ ሞተሩ ይጩህ፤ ጤነኛ ሞተር ይችለዋል። ፖርቶመጋላውን ባዶውን ይዘህ አትዙር። ትልቅ ቸርኬ ካስገጠምክም መልሰው፤ ይከብዳል፣ የጎማው ዙሪያ ከጨመረም ማርሹን ያረዝመውና ከመነሻ ያንቀራፍፋታል።

8. ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም አልጠገብክም እንበል። ያኔ ቱርቦ አታስብ። የቶዮታ የራሱ የእሽቅድምድም ክፍል፣ ቲአርዲ፣ ቪትዝ አርኤስን በቱርቦ 150 ፈረስ አድርጓት ያውቃል፤ ግን በ1,500 ሲሲ ሞተር ላይ፣ በባለሙያ፣ በልክ በተሠራ ዕቃ ነው። ሎግያ ላይ ተበይዶ የሚገጠም ቱርቦ በዚህ ሙቀት ፒስተን ያቀልጣል። የሚያዋጣው የ1,300ውን ወይም የ1,500ውን ሞተር ከነኮምፒውተሩና ከነካምቢዮው ማስገባት ነው። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ስላለ ግን መጀመሪያ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ፣ አለዚያ ለቦሎ ምርመራ ስትሄድ ትቸገራለህ። በ2016 ዓ.ም. ጥር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ የያዝካትን መተካት ከባድ ነው፤ በእሷ ላይ ሙከራ አታብዛ።

9. ጉልበት ከጨመርክ ፍሬኑ ይቅደም። ሰርዶ አካባቢ አመሻሽ ላይ ግመል ድንገት አስፋልት ይገባል። የግመል ገላ በረጅም እግሮቹ ላይ ስለሆነ፣ እግሩን ስትመታው ገላው በመስታወቱ በኩል አንተ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አዲስ የፍሬን ሸራ፣ አዲስ የፍሬን ዘይትና ያልደረቀ ጎማ ከማንኛውም የሞተር ዕቃ በፊት ይገዙ።

ነገ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ሞተሩም ሳይነሣ በገመድ አስጎትተህ አምጣት። የራዲያተሩን ክዳን በቀዝቃዛው ከፍተን ውኃውን እናያለን፣ ቀጥሎ አሙቀን የሲሊንደሮቹን ግፊት እንለካለን። አራቱ ቁጥሮች ወረቀት ላይ ተጽፈው ሳናይ ለዕቃ ሻጩ ቀብድ እንዳትሰጥ።