የማረጥ ዕድሜና የረመዷን ማዕድ

የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ሳይታይ ከቀረ ሴቷ አርጣለች ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይሆናል። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ አጥንት ከቀድሞው ፈጥኖ ይሳሳል። ሕመም ስለሌለው ብዙዎች የሚያውቁት ወድቀው ሲሰበሩ ነው።

ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት በቀን 1200 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋታል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህሉን ይሰጣል። እርጎ፣ ጎመን፣ ሰሊጥና የጤፍ እንጀራም ያግዛሉ።

ሰውነት ግን በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም በላይ ሲሰጡት በደንብ አይቀበልም። ረመዷን ላይ ጉዳዩ የሚከብደው ለዚህ ነው። ያረጠች እህት በወር አበባ ምክንያት ከጾም የምታርፍባቸው ቀናት ስለሌሏት ወሩን ሙሉ ትጾማለች። ስለዚህ ለኢፍጣር እርጎ፣ ከተራዊሕ በኋላ ወተት፣ ለሱሁርም እንደገና ወተት ብታደርጉ ይሻላል። በሳምቡሳ የጠገበ ሆድ ለወተት ቦታ የለውም፤ በየቤታችን የምናየው ነው!

ካልሲየም ያለ ቫይታሚን ዲ በሚገባ አይመጠጥም። ቫይታሚን ዲ ደግሞ ከፀሐይ ይገኛል፤ ተሸፋፍናችሁ የምትወጡ እህቶች በግቢያችሁ ውስጥ እጅና እግራችሁን ፀሐይ አስነኩ። ድንገተኛ ሙቀት የሚያስቸግራችሁ ትኩስ ቡናና በርበሬ የበዛበት ወጥ ቀንሳችሁ ለውጡን ተመልከቱ። የኩላሊት ጠጠር ያለባት ወይም የታይሮይድ መድኃኒት የምትወስድ የካልሲየም እንክብል ከመጀመሯ በፊት ሐኪም ታማክር።